ፍልሰታና የእማዬ ክኒን

ሐምሌ 28 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ናዝሬት ውስጥ አንድ ሐኪም የእናቴንና የአባቴን የደም ውጤት ነገረኝ። ሁለቱም ኤድስ አለባቸው። ስሙን ከሬዲዮ ነበር የማውቀው፤ የወጣትና የከተማ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። አባባ ስልሳን ያለፈ፣ አቦምሳ አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ነው።

"ለዚህ መድኃኒት የለንም" አለኝ ሐኪሙ። "የእናትሽ የደም ግፊት ግን በጣም ከፍ ብሏል። ቀድሞ የሚገድላት እሱ ነው። ይህን ክኒን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ።"

ለሁለቱም ነገርኳቸው። እማዬ የአባባን አመነች፤ የራሷን አላመነችም። አባባ አጥንቱ ወጥቷል። እሷን ግን በክኒኑ ላቆያት እችላለሁ ብዬ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ አባባን በበቅሎ ይዘን ከመንደራችን በታች ወዳለው የማርያም ጠበል ወረድን። በማግስቱ ክኒኑን ለእማዬ ስሰጣት ጎረቤታችን ወርቄ አየችን።

"ውይ ዘመናይነት! ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ?"

"የታመሙት አባትሽ ናቸው" አለች እማዬ፣ ክኒኑን እጄ ላይ እየመለሰች። "እኔ ሱባዔውን ባፈርስ ለእሳቸው እንዴት ይሆንላቸዋል? ደግሞ እይኝ እስቲ፣ ይሄ ሰውነት የበሽተኛ ነው? ሐኪሙ ራሱ ከእኔ ይቀጥናል።"

"አበዛሽ፣ ዋጪው" አለ አባባ ከተኛበት። "አንቺ ከወደቅሽ እኔን ማን ያነሳኛል?"

"ዝም ይበሉ አንቱ! በጭቅጭቅ አያበላሹብን።"

እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። አልሰማችኝም።

በየማለዳው አባባን አዝላ ወደ ውሃው ትወርድ ነበር። የጾሙ ማብቂያ ሲቃረብ "ራሴን ፈለጠኝ" ማለት አበዛች። አንድ ጠዋት አባባን ውሃው ዳር አስቀምጣ ቀና ስትል ወደቀች። አፏ ወደ አንድ ጎን ዞረ፤ ምላሷ ተሳስሮ ቃል የማይሆን ድምፅ ታወጣ ጀመር።

"ጮኸ! ጮኸ!" አሉ የተሰበሰቡት። ያደረባት መንፈስ ሊለፈልፍ ነው ብለው ከበቧት። ጠበል እያፈሰሱባት "ማን ነህ? የት ነው የያዝካት? ተናገር!" ይላሉ። እልልታው ቀለጠ።

"መንፈስ አይደለም፣ ግፊቱ ነው! ሐኪም ቤት እንውሰዳት!" ብዬ ስጮህ ወርቄ አቀፈችኝ።

"ተይ እህቴ፣ እየወጣላት ነው።" በደስታ ታለቅስ ነበር።

አባባ መነሳት ስላልቻለ በጭቃው ላይ እየተሳበ መጣ። "ልቀቋት፣ እኔን ነው የምትጠራው" አለ። ከእኔ በቀር የሰማው አልነበረም።

ዝም ስትል "ለቀቃት" አሉና ጋቢ አልብሰው አስተኟት። ቀኑን ሙሉ አልነቃችም። ወደ ማታ እያንኮራፋች መተንፈስ ስትጀምር ነው በቃሬዛ ወደ አቦምሳ ለመውሰድ የተስማሙት። መንገድ ላይ አረፈች።

ወርቄ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ እማዬ ድና እንደሞተች ትነግር ነበር። አባባ ጥቅምት ላይ ሞተ፤ ከእሷ ጎን ቀበርነው።