የማያዳላው ምደባ

ሐሰት በጊዜዋ ትገለጣለች፣ ድንቁርናም በትምህርት ትወገዳለች፤ ፍጹም ትክክል የሆነ ነገር ጥፋትን ሲያመጣ ግን ከሳሽም ምስክርም አይገኝለትም፤ ስለዚህም ከስሕተት ሁሉ የከፋው እንከን የማይወጣለት ስሕተት ነው።

በሒሳብ ሊቅነቱ የተመሰከረለት፣ በጠባዩም ጭምትና ርቱዕ የነበረው ዶክተር ይትባረክ ወንድይፍራው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ካስተማረበት የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተነሥቶ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ፣ አስቀድሞ የሻረው የተማሪዎችን የግዳጅ ምደባ ነበር። እስከዚያ ዘመን አንደኛ ዓመት የጨረሰ ተማሪ ሁሉ ምርጫውን በቅጽ ይሞላል፤ ኮሚቴው ግን ባዶ የቀረውን ክፍል ለመሙላት ሐኪም መሆን የተመኘውን ወደ ታሪክ፣ መሐንዲስ መሆን የተመኘውን ወደ ሒሳብ ይሰድድ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በገዛ እጁ ባወጣው የምደባ ቀመር ማንም ተማሪ ወዳልመረጠው ክፍል እንዳይገባ ተደነገገ፤ ሴኔቱም ሦስት ዓመት በተከታታይ መራጭ ያጣ ክፍል ይዘጋ የሚል አንቀጽ ጨመረበት። በሦስተኛው ዓመት የታሪክ ክፍል ተራ ደረሰ። የክፍሉ ኃላፊ በሴኔቱ ጉባኤ ፊት ቆሞ አንድ ዓመት ብቻ እንዲታገሡት ቢማጸን፣ ፕሬዚዳንቱ «ለአንዱ የሚራራ ሕግ ሌላውን ይበድላል» ሲል መለሰለት፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። በአራተኛው ዓመት ከሁለት ሺህ አንድ መቶ ተማሪዎች ሒሳብን የመረጠ አንድም አልተገኘም፤ ያለፉት ሁለት ዓመታትም እንዲሁ ነበሩ።

ያን ጊዜ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ መምህር ቀጸላ ደምሰው፣ ይትባረክን ራሱን ያስተማሩ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው አረጋዊ፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ገብተው እንደ ቆሙ ተናገሩ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ቀመርህን ሦስት ጊዜ አረምሁት፤ ስሕተት አጣሁበት። ተማሪ ሳለህም እንዲሁ ታናድደኝ ነበር።»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«ልለምን መጥቼ አልቀመጥም። ሃያ ልጅ መድብልኝ፤ በግድም ቢሆን።»

«በግድ የመጣ ልጅ ምን ይማራል?»

«አንተ ምን ተማርህ? ሕክምና ሞልተህ አልነበር? ወር ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ እንዳኮረፈች ሙሽራ ግድግዳ ሲያይ የከረመው ማን ነበር?»

የተባለው እውነት ነበር፤ ቀመሩን ያወጣውም ያን ወር ባለመርሳቱ ነው።

«ለታሪክ የነፈግሁትን ለገዛ ክፍሌ ብፈቅድ ምን እባላለሁ?»

«አድሏዊ ትባላለህ» አሉ አረጋዊው፤ «ክፍሉ ግን ይኖራል።»

ፕሬዚዳንቱ በማግስቱ የመዝጊያውን ደብዳቤ ፈረመ። የክፍሉ ስድስት መምህራን ወደየኮሌጁ ተከፋፈሉ፤ መምህር ቀጸላም የመጨረሻ ዓመታቸውን የሚያስተምሩት ተማሪ ሳይኖራቸው ጨረሱ። ሌሎች አራት ዩኒቨርሲቲዎች ቀመሩን ወስደው ሥራ ላይ አዋሉት፤ የምስጋና ደብዳቤም ላኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይትባረክ ዘመነ ሥልጣኑን ፈጽሞ ወደ ማስተማር ልመለስ ባለ ጊዜ የሚመለስበት ክፍል ስላልነበረ፣ በንግድ ኮሌጅ የመቶኛ ስሌት እንዲያስተምር ተወሰነ፤ ቅሬታ እንዳለውም ሲጠየቅ የለኝም አለ። ለሁሉ እኩል የሆነ ሕግ የሠራ ሰው፣ ያ ሕግ በራሱ ላይ ሲፈርድ ይግባኝ የሚልበት ዳኛ የለውምና።