በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለው መምህር

የትምህርት ሚኒስቴር ባለሙያዋ የመንግሥትና የግል ዩኒቨርሲቲዎችን ውጤታማነት ስታነጻጽር ከርማለች። ስሌቷ ቀላል ነበር፤ የተመራቂውን ቁጥር ለቋሚ መምህራን ቁጥር ታካፍላለች። የግሉ በእጥፍ በለጠ።

«የመንግሥቶቹማ ለጥ ብለው ተኝተዋል!» ብላ ሪፖርቱን ልታስፈርም ስትል አለቃዋ፣ «እስቲ መጀመሪያ ሄደሽ በዓይንሽ እይው» አላት።

ከሰዓት በኋላ የግሉን ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ከፈት ብታደርግ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ታላቅ ወንድሟ ጠመኔ ይዞ ቆሟል። ክው አለች።

«አንተ! እዚህ ደግሞ ምን ትሠራለህ?»

«ግማሾቻችን ከሰዓት እዚሁ ነን፤ በትርፍ ሰዓት።»

የትርፍ ሰዓት መምህር በስሌቷ ውስጥ አልነበረም። የሪፖርቷን ሠንጠረዥ አሳየችው። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ሰነፍ አደረግሽኝ፤ ከሰዓት ደግሞ ጭራሽ አልተወለድኩም? በይ፣ ለእማዬ አንቺው ንገሪያት።»