የማን ሚስት?

«እትዬ፣ ሚስ ልበልዎት ወይስ ሚሲስ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ የቤተ መጻሕፍታችን ጠራዥ መርፌያቸውን ከነክሩ አንጠልጥለው ቀና አሉ።

«ሚስት? የማን ሚስት?»

«አይ፣ ሚስ…»

«አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ልትድሪኝ ነው?» ብለው ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅሁና ሳላስረዳቸው ወጣሁ።

ለሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው የሚሰጣቸውን የምስጋና ወረቀት በእንግሊዝኛ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ፤ የምትሸልማቸው የውጭ አገር እንግዳ ናት። በመጀመሪያ «ሚዝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ያገባችውንም ያላገባችውንም ሳይለይ ያከብራል። አለቃዬ አዩትና «ፊደል ጎድሎሻል። ሚሲስ በያቸው፣ ትልቅ ሴት ናቸው» አሉኝ። በእኛስ ቢሆን በዚያ ዕድሜ ላይ ያለችን ሴት ማን ወይዘሪት ይላል? ሚሲስ ያገባች ሴት መጠሪያ መሆኑን እያወቅሁ «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ይቀለኛል።

በሽልማቱ ዕለት እንግዳዋ ወረቀቱን አነበበችና ፈገግ ብላ ባለቤታቸውም ለፎቶ እንዲመጡ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው።

«እንኳን ደስ አለዎት ነው የምትለው።»

«ኧረ ባልዎትን ይጥሩልን ነው የምትለው!» አለ ከኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ቀልደኛ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እጮኛቸው ቀለበት አስሮላቸው ጥሏቸው እንደሄደ በመሥሪያ ቤቱ የማያውቅ የለም። እትዬ ግን ቀልደኛውን ዞረው እንኳ አላዩትም። ያዩት እኔን ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

በማግስቱ «ሚዝ» የሚለውን አሳትሜ ወሰድኩላቸው።

«ይሄኛውስ ምን ይላል?»

«ባል ይኑራት አይኑራት አይናገርም።»

«እንዲህ ያለ ቃል መኖሩን ትናንትም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከዚያ የትናንቱን ወረቀት በመቁረጫው ቀጫጭን አድርገው ቆረጡና ይጠርዙት በነበረው መጽሐፍ ጀርባ ላይ ለማጠናከሪያ በሙጫ ለጠፉት። አዲሱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሙጫው እስኪደርቅ መጽሐፉን በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩላቸው።