የራቢያ ቀሚስ

ኮሌጁ ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጠውን ድጎማ ልጠይቅ ከእብናት ደብረ ታቦር ወጣሁ። እናቴ «ሹም ፊት በቡትቶ አትቆሚም» ብላ የጎረቤታችንን የራቢያን ቀሚስና ጫማ ተውሳ አልብሳኛለች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የቀበሌዬን ደብዳቤ እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«አንቺማ የተቸገርሽ አትመስዪም።»

«የተዋስኩት ልብስ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ነገ የራስሽን ለብሰሽ ነይ። አይተን እንወስናለን።»

ደሜ ፈላ። የራሴ ቀሚስ ጀርባው ተተርትሮ ገላ ያሳያል። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ነገ አልመጣም» አልኩት። «ችግሬ ማኅተም አርፎበት ፊትዎ ተቀምጧል፤ ያንብቡት። እናቴ የሸፈነችውን ገላ ግን ለእርስዎ ብዬ አልገልጥም።»