ከጂንካ አርባ ምንጭ ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ኤርጎ ከጂንካ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ስንት እንደሚፈጅ ከተሳፋሪው ሁሉ ይበልጥ ያውቅ ነበር። ሠላሳ አምስት ደቂቃ፤ ደመና ከበዛ አርባ። እሱ ራሱ ግን ተሳፍሮ አያውቅም። የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ነው።

ሜዳው የከተማው መሐል ላይ ያለ ሣር ስለሆነ ከብቱ ሁሉ እዚያው ይግጣል። አንድ ጊዜ ላሟን ልታወጣ የሮጠች ሴት ከጎማ ሥር ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ኤርጎ ሕግ አወጣ፦ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሜዳ የሚገባ የለም፤ ከብቱን ለማውጣት ሁሉም የእሱን ፊሽካ ይጠብቃል። ያልሰማውን ከነከብቱ ቀበሌ ያቆመዋል።

በ1977 ሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ የሚስቱ የቦሼ ምጥ ሁለት ቀን ሞላው። ድሬሰሩ ፈለቀ አቀበቱ ላይ ወዳለው ቤታቸው መጥቶ ሆዷን ዳሰሰና ኤርጎን ወደ ውጭ ጠራው።

«ልጁ ተጋድሟል። አርባ ምንጭ ካልደረሰች እኔ የማደርገው የለም። ዛሬ አውሮፕላን አለ አይደል?»

«አለ፤ አራት ሰዓት ላይ።»

ጎረቤቶች ቃሬዛ አበጁ። ኤርጎ ከፊት ተሸከመ። ያን ጠዋት ዘበኛነቱን ረስቶ መንገደኛ ብቻ ሆኖ ነበር።

«ስንቱን ስትሸኝ ኖረህ ዛሬ ገና ልትሳፈር ነው፣ አንተ» አለችው ቦሼ። «ከላይ ሲያዩት ቤታችን ይታያል?»

«ቆርቆሮው ያበራል።»

«የማን ቆርቆሮ? የእኛ ሣር ነው እኮ!»

ሳቀች፤ ሳቋን ምጡ ቆረጠው።

ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ኤርጎ ወደ ታች አየ። ከብቱ ሜዳውን ሞልቶ ይግጣል፤ ባለቤቶቹ ዱላቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ተሰልፈዋል። አንድም ሰው እግሩን አላስገባም።

ያኔ ገባው። ቃሬዛውን ለሌላ ሰው አቀብሎ ፊሽካውን እየነፋ ሮጠ፤ ድምፁን ሞተሩ ዋጠው። አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፣ ከብቱን አይቶ ተነሣ። ዞሮ መጣ፣ ደግሞ ተነሣ። ደመናው ከተራራው ሲወርድ አፍንጫውን ወደ አርባ ምንጭ መለሰ።

«ምን ገተራችሁ!» ብሎ ጮኸ ኤርጎ ሲደርስ።

«ፊሽካህን ስንጠብቅ ነዋ፣ ኤርጎዬ» አሉ እማማ ብርነሽ፣ የሦስት ላም ባለቤት። «ምነው ዛሬ ዘገየህ?» ወዲያው ቃሬዛውን አዩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ቀጣዩ በረራ ዓርብ ነበር። ሾፌሩ ኃይሌ የጭነት መኪናውን አራግፎ ቦሼን ጆንያ ላይ አስተኛት። በመኪና በደረቅ ወራት እንኳ አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ያ ደግሞ የዝናብ ጊዜ ነበር። ካኮ መንደር አጠገብ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ጠበቃቸው። ኃይሌ ሞተሩን አጠፋና ውኃው እስኪጎድል ተቀመጡ።

«ስንት ቀረን?» አለች ቦሼ።

ኤርጎ ለመንገደኛ ዋሽቶ አያውቅም። «ደርሰናል» አላት።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ውኃው ሲጎድል እጇ እጁ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።

ኃይሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ብዙ ቆይቶ መሪውን ያዘና መኪናውን ወደ ጂንካ አዞረ።

«ኃይሌ» አለ ኤርጎ ከኋላ፣ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ እያስተካከለ። «ቀስ ብለህ ንዳ። መንገዱ ያንገላታታል።»