የኮሶ አምባ መንገድ

ኮሶ አምባ ወደ ላሊበላ ከተማ የተጠቃለለችው በሰኔ ነው። ሐምሌ ሲገባ ስሟ ከታፔላው ተፍቆ «ቀበሌ ስድስት» ተባለች። የሻረግ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ ባሏ ደግሰው በነሐሴ እስኪሞት ድረስ።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ፈንታው እንደ ልማዱ ጎህ ሲቀድ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ድሮ «የኮሶ አምባ ሰው ሆይ!» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ያ ጥሪ ለቀባሪ ብቻ አይደለም፤ ሟቹም ወደ አገሩ የሚገባው በእሱ ነው ይባላል። ያን ቀን ግን «የቀበሌ ስድስት ነዋሪ ሆይ!» አለ። ደግሰው በዚያው ጥሪ ተቀበረ።

ሳምንት ሳይሞላ ወንዴ የሚባል፣ ከሌላ አገር የመጣ ባለባጃጅ ደጇ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ የኮሶ አምባ መንገድ የቱ ነው?»

«ምን ፈልገህ?»

«እኔ አይደለሁም። ነአኩቶ ለአብ መታጠፊያ ላይ አንድ ሽማግሌ በየማለዳው ያስቆሙኛል። ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አለ። እንዲህ የሚባል አገር የለም ስላቸው፣ ‹ቤቴማ እዚያ ነው› ይሉና ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ።»

የሻረግ ያን ጠባሳ ታውቀዋለች፤ የደግሰው ነው። በሬ ነው የወጋው፤ ቁስሉን ያጠበችው እሷ ናት።

ፈንታው ቤት ሄደች።

«ድገምና ጥራው። በአገሩ ስም።»

«አበድሽ? ለተቀበረ ሰው ጥሩምባ ይነፋል?»

«አልገባማ! መንገድ ላይ ነው ያለ። አንተ ነህ ያሳሳትኸው።»

«አርባው ሲወጣ ይቀልልሻል፤ ሂጂ።»

«እንግዲያው ጥሩምባውን ስጠኝ።»

«ሴት ነፍታው አታውቅም።»

«አገርም ስሙ ተፍቆ አያውቅም ነበር» አለችና ከግድግዳው አውርዳው ወጣች።

በማግስቱ ሲነጋ ጉሙ ከቋጥኙ አልወረደም። ሁለቴ ስትነፋ ባዶ ትንፋሽ ሆነባት፤ በሦስተኛው ጮኸላት።

«የኮሶ አምባ ሰው ሆይ! ደግሰው አርፏል፤ ቤተ ክርስቲያን ና! የሰማህ ለጎረቤትህ ንገር!»

ቆየት ብሎ ከታች ኮቴ መጣ። ያ የደግሰው ደረቅ ሳል በአጠገቧ አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። «እሰይ፣ ግባ» አለች፤ እንባዋ ወረደ።

ልትወርድ ስትነሳ ሌላ ኮቴ መጣ። ከኋላው ሌላ። የምርኩዝ ኳኳታ፣ የሴቶች ማጉረምረም። በሰባ ሰባት እህል ፍለጋ ወጥተው በየመንገዱ የቀሩት፣ ማንም ጥሩምባ ያልነፋላቸው።

ፈንታው ከቋጥኙ ሥር ካለው ቤቱ በር ላይ ሆኖ ተጣራ።

«የሻረግ፣ ማነው የሚያልፈው?»

«ዝም በል» አለችው፤ «ገና አላለቁም።»