ከሰማዕታት መሃል የወረደው ሥዕል

ሰው አፍ ላይ ልጄ የሞተው ማንም እኔን ሳይጠይቅ ነው። "የሳብሪ እናት" ይሉኝ የነበሩ ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀስ በቀስ "ሐጃ" ማለት ጀመሩ። እኔ ደግሞ መካን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ገብቶኛል፤ ስሙን መጥራት ፈርተው ነው።

ሳብሪን የወሰዱት ከጋዛ ከተማ ወደ ደቡብ ስንሸሽ፣ ኬላው ላይ ነው። ወታደሮቹ ከእጄ ነጠሉትና ከዚያ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። አንድ መንገደኛ አሸዋው ላይ ወድቆ አየሁት አለ፤ ሌላው ያንኑ ቀባብቶ አወራ፤ በቃ፣ ዴር አል-በላህ ያለው የድንኳን ሰፈራችን ነገሩን ጨረሰው። እኔ ግን ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ሬሳውን ሳላይ እርሜን አላወጣም አልኩ። ጎረቤቴ ዊጅዳን "አንቺ ሴትዮ፣ እምነት ነው ወይስ ግትርነት?" ትለኛለች። ሁለቱም ነው።

ይቺው ዊጅዳን ናት አንድ ቀን እያለከለከች መጥታ፣ ሩዋይዳ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን ከፈተች፣ ሳብሪም አለበት ያለችኝ። ሩዋይዳ የሥዕል አስተማሪ ነበረች። ወንድሟ ኒዛርና የእኔ ልጅ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይለያዩም ነበር። ሳብሪ ከተወሰደ በኋላ ኒዛር ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ በጥይት ተመታ፤ እዚሁ ቀበርነው። ከዚያ ጀምሮ እሷ የእርዳታ ካርቶን እየለቀመች በምድጃ ከሰል የሟቾችን ፊት ትስላለች።

ሄድኩ። ፊቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ላይ ተሰቅለዋል፤ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያያል። የእኔን ልጅ ኒዛር አጠገብ አገኘሁት። ከሥሩ "ሰማዕት" የሚል ተጽፎበታል። ደሜ ፈላ።

"ምን ዓይነት ሟርት ነው ይሄ? ማን ፈቀደልሽ?" አልኳት፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ።

"እንዳይረሳ ብዬ ነው፣ አክስቴ።"

"ማን ረሳው? እኔ ነኝ የረሳሁት? ልጄን እኮ በቁሙ ቀበርሽብኝ!"

"አጠገቡ ያለው ወንድሜ ነው" አለች። "እኔም ደስ ብሎኝ አልሰቀልኩትም።"

"ወንድምሽ ጀናዛው ተሰግዶበታል፣ ነፍሱን ይማረው። የእኔን የት ነው የሰገዳችሁበት?"

ራሷ ከገመዱ ፈታችውና ጽሑፉን በአውራ ጣቷ አሻሽታ አጠፋችው። ከሰሉ እንዳይበላሽ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝና ሌላ ፎቶ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለኝም። አልበሙ ከቤታችን ጋር ፍርስራሽ ሥር ነው፤ ስልኬን ወታደሮቹ ቀምተውኛል።

ዊጅዳን፣ አላህ ይይላት፣ ካርቶኑ ምስር ለመቀቀል ይበቃል አለች። ማገዶ ጠፍቶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በዓይኔ ገረመምኳት። ድንኳኔ ገብቼ ብቻዬን ሳየው ደግሞ ሌላ ንዴት መጣብኝ፤ ልጅቷ ችላበታለች። ሊያሾፍብኝ ሲል ከፍ የሚያደርጋትን አንዷን ቅንድቡን ሳትቀር ይዛታለች። አቅፌው አለቀስኩ።

ተኩሱ ቆመ ተባለና እስረኞች በአውቶቡስ ካን ዩኒስ ሆስፒታል ይመጣሉ የሚል ወሬ ደረሰን። ዊጅዳን የአህያ ጋሪ ለመነችልኝ። እዚያ ስደርስ የእናት ብዛት! ሁሉም ፎቶ ወደ ላይ ይዞ፣ የሚወርደውን ሁሉ "ይሄን አይተኸዋል?" ይላል። እኔም ካርቶኔን ከፍ አደረግሁ። የሚወርዱት ቆዳና አጥንት ናቸው። ያየው ሁሉ አላየሁም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ክንዴ ዛለ፣ አላወረድኩትም።

መነጽሩ የተሰበረ አንድ ቀጭን ሰው ግን ቆመ። ካርቶኑን አፍጥጦ አየና ሳቀ።

"ይሄማ ሳብሪ ነው። እንዲህ ግን አያምርም ነበር።"

"'ነበር' አትበለኝ! አለ ወይስ የለም?" አልኩ፣ እጅጌውን ይዤ።

"አለ እንጂ እናቴ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋብኝ ነው የከረመው። ከኋላችን ባለው አውቶቡስ ይመጣል።"

ካርቶኑ ከእጄ ወድቆ ሰው ሲረግጠው አይቻለሁ፤ ጎንበስ ብዬ እንኳ አላነሳሁትም። ሁለተኛው አውቶቡስ ሲከፈት የወረዱትን አንድ በአንድ አየሁ፤ የለም። ያን የሥዕሉን ፊት ነው የምፈልገው። ራሱን የተላጨ አንድ ሽማግሌ መሰል ሰው ፊቴ መጥቶ ከለለኝና ልገፋው እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።

"እማ፣ እኔን ትተሽ ማንን ነው የምትፈልጊው?"

ደረቱን ደበደብኩት። ከዚያ አንገቱን ሳምኩት፣ አሸተትኩት፣ እንደገና ደበደብኩት። እንዲያ ያለ ደስታ ሰው አይገድልም ለካ።

በማግሥቱ ድንኳናችን በሰው ተሞላ። ሩዋይዳም መጣችና በር ላይ ቆማ ሳብሪን ብዙ አየችው። ፊትህን አሳምሬልህ ነበር አለችው፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። እሱ ተነሣና ከኋላዋ ወደ ውጭ ተመለከተ።

"ኒዛርስ? ምነው ቀረ፣ ተኝቶ ነው እንዴ?"

በደስታ ሰክሬ ይሄን ሳልነግረው ቀርቻለሁ። ሩዋይዳ ግን አልደነገጠችም፤ "ና፣ እሱ ጋ ልውሰድህ" አለችውና ቀድማ ወጣች። ሻሼን ጣል አድርጌ ተከተልኳቸው።

ሳብሪ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ገመዱ ላይ የተሰቀለው የጓደኛው ሥዕል ፊት ቆሞ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። እኔ ሩዋይዳን አቀፍኳት። ከትናንት ጀምሮ አፌ ላይ ያለች አንዲት የምስጋና ቃል ነበረች፤ እዚያ፣ የወንድሟ ፊት እያየኝ፣ እንዴት ብዬ ላውጣት? ዋጥኳት። ልጅቷ አወቀችብኝ መሰለኝ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለች።

"አውጪያት አክስቴ። እኔም ትናንት ብያለሁ።"

አልሐምዱሊላህ አልኩ።